ዳለቻ በገበታው ላይ

አባቴ በፈረስ ሌብነት ተከሶ ወህኒ ሲወርድ፣ እኔ አዲስ አበባ ለፈረስ እሽቅድምድም የሄደ መስሎኝ ነበር። እንዲመስለኝ ያደረጉት ትልልቆቹ ናቸው። «አባቴስ?» ባልኩ ቁጥር እናቴ፣ «ሊጋልብ ሄዷል፤ ሲያሸንፍ ይመጣል» ትለኛለች። ዋሸችኝ ብዬ አልከሳትም። ይህን ያህል ዕድሜ ቆጥሬም ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከዚያ የተሻለ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ከተማችን በወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ አምቦ ትባል ነበር። እናቴ ደብሪቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አለፍ ብሎ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ላይ ጠላ ቤት ነበራት። ቤቱ የእሷ፣ መሬቱ ግን የግራዝማች አሻግሬ ነው። ግራዝማች የመሬቱ ብቻ አይደሉም፣ የባሕር ዛፉም፣ የግጦሹ ሜዳም ጌታ ነበሩ፤ በመንገድ ሲያልፉ ቆቡን የማያወልቅ አልነበረም። እኔ ግን አልፈራቸውም። እንዲያውም ነጭ ጢማቸውና ጥቁር ካባቸው ያምረኝ ነበር፤ የሥዕል ቅዱስ ይመስሉኛል። ልጅ ምን ያውቃል!

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ታቦት ከገባ በኋላ ባለፈረሱ ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ ሜዳ ይወጣል፤ ይጋልባል። ግልቢያው ደንብ አለው። እስከ ሾላው ድረስ እንደ ልብህ ነው። ሾላው ጋ ስትደርስ ግን ልጓም ትስባለህ፤ የግራዝማች ፈረስ አባ ቅጣው ብቻውን አልፎ ይገባል። ያወጀውም የጻፈውም የለም፤ የማያውቀውም የለም። ግራዝማች ራሳቸው በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠሩት። አሽከሮቻቸው «አባ ቅጣው ይሙት!» ብለው ሲምሉ ሰምቻለሁ።

አባቴ ቱፋ፣ ዳለቻ የምንለው ግራጫ ፈረስ ነበረው። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ራሱ ያሳደገው፣ ከእጁ ቂጣ የሚበላ ፈረስ ነው። ያን ዕለት ኦቦ ጉርሙ ትከሻ ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። ኦቦ ጉርሙ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ፣ የከተማው አናጢ ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ ስለ ነበር ከዚያ ላይ ሁሉም ይታያል። ፈረሶቹ ሾላው ጋ ደረሱ። አንድ በአንድ ልጓም እየተሳበ፣ አንገታቸውን እያጠማዘዙ ቆሙ። አባቴ ግን አልሳበም። ዳለቻ በጥቁሩ በአባ ቅጣው ጎን አልፎ ብቻውን ገባ።

ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። እኔ ብቻ አጨበጨብኩ። ኦቦ ጉርሙ ሁለቱን እጆቼን በአንድ መዳፋቸው ጨብጠው ያዙኝ። ደስታው በዝቶባቸው መስሎኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ዳለቻ የተሰረቀ ፈረስ ነው ተባለ፤ አይተናል የሚሉ ምስክሮች ቆሙ። አባቴ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ፈረሱ ደግሞ ለኤግዚቢት ተብሎ ወደ ግራዝማች ጋጣ ገባ። ከሳሹ እሳቸው፣ ኤግዚቢት ጠባቂውም እሳቸው። እንዲህ ያለ ፍርድ ዛሬ ሲወራ «ድሮ ቀረ» ብለው የሚስቁ አሉ። እኔ ግን አልስቅም።

በገበታው ላይ ያለው ጨዋታ ቤታችን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ያመጣው መምህር ውባየሁ ነው። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ ሚስት ያላገባ፣ ምሳውንም ራቱንም ከእኛ ቤት የሚበላ ወጣት አስተማሪ ነበር። አዲስ አበባ ሲማር አንድ የፈረንጅ አስተማሪ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚጋልቡ ትንንሽ ፈረሶች አይቷል። ሰዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው በፈረሶቹ ይወራረዳሉ። አንድ ዝናባማ ቀን ይህን ሲያወራ፣ እናቴ ማሰሮ እያጠበች ትሰማው ነበርና ቀና ብላ፣ «ፈረስ የሌለው ሰውም ይጋልባል ማለት ነው?» አለችው።

«ይጋልባል እንጂ።»

«የታሰረስ?»

እኔ የታሰረ የምትለው ፈረስ መስሎኝ፣ «የታሰረማ ይፈታል!» አልኩ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ጉርሙ ከአንድ የፈረሰ ቤት በር ላይ ሰፊ ሳንቃ አምጥተው ላጉት። መምህሩ በላዩ መንገድ ሣለበት፤ በአንዱ ጫፍ አዲስ አበባ፣ በሌላው ጫፍ ሀገረ ሕይወት፣ በመሐል ሆለታ፣ አዲስ ዓለምና ግንጪ። በየመሐሉ ፈረስ የሚረግጣቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። ፈረሶቹን ኦቦ ጉርሙ ከወይራ ጠረቡ። ፈረንጆቹ የሚጥሉት ባለ ነጥብ ጠጠር እኛ ጋ ስላልነበረ እናቴ ከአንገቷ ጌጥ አራት ዛጎል ፈታች። ዛጎሉ ተበትኖ አፉን ወደ ላይ የከፈተው ይቆጠራል፤ ፈረሱ ያን ያህል ይራመዳል። የጣይነቱ ሥራ የእኔ ነበር። ትልልቆቹ እርስ በርስ ስለማይተማመኑ፣ «የልጅ እጅ አያዳላም» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። የንስሐ አባታችን ዛጎሉን አይተው ጥንቆላ ነው ብለው ተቆጥተው ነበር። ቁጭ ብለው ካዩ በኋላ ግን «ያ ቀዩ ፈረስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

አንድ ደንብ ደግሞ ኦቦ ጉርሙ ጨመሩ። ከግንጪ ቀጥሎ ያለው ቤት ረግረግ ነው፤ እዚያ የገባ ፈረስ ወደ አዲስ ዓለም ይመለሳል። ስለዚህ የደረሰህ ቁጥር ረግረግ ውስጥ የሚከትህ ከሆነ «ገታሁ» ብለህ ባለህበት ትቆማለህ። ውርርዱ በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቆርኪ ነበር፤ በገንዘብማ ቢሆን ፖሊስ ቁማር ነው ብሎ ያስራል። የሚወደውን ፈረስ መርጦ ሁሉም ቆርኪውን ያስቀምጣል። ፈረሱ የገባለት ሰው ተነሥቶ ይፎክራል። የተሸነፉት ደግሞ ቆመው ማጨብጨብ ግዴታቸው ነው፤ ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ጠላ አይቀዳለትም።

ከፈረሶቹ አንዱን መምህሩ አባ ቅጣው አለው፤ «እሳቸው የሌሉበት ግልቢያ ምን ግልቢያ ነው» ብሎ። አንዱን እናቴ በአመድ ግራጫ አድርጋ ዳለቻ አለችው። ለአባ ቅጣው ግን «ገታሁ» የሚልለት የለም፤ ረግረግ በገባ ቁጥር ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ሰዎቹ ግራዝማችን በጣም የሚወዷቸው ይመስለኝ ነበር፤ ስማቸው ሲነሣ ፊታቸው ሁሉ ይፈካላ!

የጭነት መኪና ሾፌሩ ፈይሳ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚገባው እኛ ቤት ነው። ለእናቴ በጆሮዋ፣ «ሆለታ አየሁት» ይላታል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ፣ «አዲስ ዓለም ዳገቱ ላይ ነው። ከስቷል፤ ግን ይስቃል።» እኔ ከገበታው ሥር ተቀምጬ እሰማለሁ። ቀና ብዬ ሳይ ዳለቻ አዲስ ዓለም ቆሟል። ከዚያ በኋላ ምን ጥርጣሬ ይኖረኛል? አባቴ በዳለቻ ላይ ተቀምጦ እየመጣ ነው፤ የሚያራምደውም የእኔ እጅ ነው። ዛጎሉን ከመጣሌ በፊት መዳፌን በቀሚሴ እጠርግ ነበር። አንዴ ዜሮ ሲወጣብኝ ጓሮ ሄጄ አልቅሻለሁ።

እስረኞች መንገድ ለመጠገን ወጥተው ድንጋይ ይፈልጡ እንደ ነበር የሰማሁት አድጌ ነው። ፈይሳ መኪናውን እያዘገመ አልፎ፣ ዘበኛው ሳያይ በመስኮት ቆሎ ይወረውርለት ነበር አሉ።

ዐቢይ ጾም እየተጋመሰ ሲሄድ ኦቦ ጉርሙ ግራዝማች ዘንድ ሽምግልና ገቡ። ግራዝማች ያሉት አጭር ነው፤ ሚስቱ በባሏ ፈንታ ድንጋይ ተሸክማ በአደባባይ እግሬ ላይ ትውደቅ፣ ክሱን አነሣለሁ። ኦቦ ጉርሙ ይህን ይዘው ሲመጡ እናቴ፣ «ድንጋዩን የሰረቀ ይሸከመው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እሳቸው ተስፋ አልቆረጡም፤ እንደገና ሄዱ። በዚያኛው ጊዜ ግን ግራዝማች የእንጨቱን አባ ቅጣው ወሬ ሰምተው ነበር። ከሜዳው ይልቅ ያ አቃጠላቸው። ሜዳ ላይ የቀደማቸው አንድ ሰው ነው፤ በጠላ ቤቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀደማሉ፤ ይሳቅባቸዋል።

እና አንድ መላ ተገኘ። ግራዝማች ለሆሳዕና እሑድ በቀን፣ በሰው ፊት፣ ጠላ ቤቱ መጥተው አንድ ጊዜ ይጫወታሉ። እናቴ ዳለቻን እየገታች ታሳልፋቸዋለች። አባ ቅጣው ይገባል፤ ሰው ይመሰክራል። ድንጋይም የለ፣ መውደቅም የለ። እሳቸውም «ለትንሣኤው ብዬ ማርኩት» ብለው ክሱን ያነሣሉ።

«አዴ ደብሪቱ፣ እንጨት እኮ ነው» አሉ ኦቦ ጉርሙ። «እንጨት ቢገታ ምን ይሆናል? ቱፋ ለፋሲካ ቤቱ ይገባል።»

እናቴ፣ «እሺ» አለች። ያን «እሺ» ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። ጆሮዬ የገባው ግን ይኸው ብቻ ነው፤ በሆሳዕና ትልቅ ግልቢያ አለ፣ አባቴ ለፋሲካ ይገባል። በልቤ ነገሩን ገጣጠምኩት። ዳለቻ ከገባ አባቴ ይገባል። የሚጥለው ደግሞ የእኔ እጅ ነው።

ሆሳዕና ዕለት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባውን በጣቱ እንደ ቀለበት አሥሮ መጣ። ቤቱ ሞልቶ እስከ መንገዱ ድረስ ቆሟል። ግራዝማች የራሳቸውን ወንበር በአሽከር አሸክመው መጡ፤ በእኛ መደብ አይቀመጡም። ጠላ ሲቀርብላቸው በዓይናቸው መለሱት። ገበታው በመሐል ተዘረጋ። ሌሎቹ ፈረሶች ለዚያ ቀን ተነሡ፤ ጥቁሩና ግራጫው ብቻ አዲስ አበባ ላይ ቆሙ።

ውርርዱ ተጀመረ። ኦቦ ጉርሙ ቆርኪያቸውን አባ ቅጣው ላይ አኖሩ። ፈይሳ አባ ቅጣው ላይ። መምህር ውባየሁ ከንፈሩን ነክሶ አባ ቅጣው ላይ። ክምሩ ከፍ እያለ ሄደ። ሰዎቹ ሁሉ ያበዱ መሰለኝ፤ ትናንት የዳለቻ ወገን ያልነበረ ማን አለ? እልህ ያዘኝና ያለችኝን አንዲት ቆርኪ ዳለቻ አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቅርብሽ» አሉኝ ኦቦ ጉርሙ ጎንበስ ብለው።

«አይቀርም» አልኳቸው። የግራዝማች አሽከር ሳቀ።

ጣልኩ። ለአባ ቅጣው ሦስት፤ ተራመደ። ለዳለቻ ሦስት፤ እናቴ፣ «ገታሁ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ገበታው ላይ ነው። እንደገና ጣልኩ። አባ ቅጣው ሆለታ ገባ። ለዳለቻ ሁለት ወጣ። «ገታሁ።»

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ረግረግ የለም!»

«ጣይ» አለችኝ።

አልፎ አልፎ ለወጉ ያህል ታራምደዋለች፤ ብዙውን ግን ትገታለች። ቃሉን ባለች ቁጥር የግራዝማች ጢም ትንሽ ይነቃነቃል። አባ ቅጣው ከግንጪ አልፎ ረግረግ ውስጥ ገባ። የለመድኩት ሳቅ አልመጣም። «ይመለሳል! አዲስ ዓለም ይመለሳል!» ብዬ ጮኽኩ።

ኦቦ ጉርሙ አንገታቸውን አከኩና፣ «በዚህ ወር ረግረጉ ደረቅ ነው» አሉ። ደንቡን የሠሩት ራሳቸው ናቸው! ጥቁሩ ፈረስ ተነሥቶ ሄደ። ሀገረ ሕይወት ሊገባ አንድ ቤት ብቻ ቀረው። ዳለቻ ግንጪ ላይ ቆሟል፤ ለመግባት አራት ይፈልጋል። ተራው የእሱ ነው።

መዳፌን በቀሚሴ ጠረግሁ። ጣልኩ።

አራቱም ዛጎሎች አፋቸውን ከፍተው ወደ ጣሪያው ያያሉ።

እናቴ ከንፈሯን አላቀቀች። ልትል ነበር። ይህን አሁን አውቃለሁ፤ በኋላ ራሷ ነግራኛለች፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቆይ» አሉ ግራዝማች። ከመጡ ጀምሮ ለእኛ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው። «አንቺ አትበይው። ልጅቱ ትበለው። አባቷ ያልለመደውን እሷ ከልጅነቷ ትልመደው።»

ለእኔ ያ ትልቅ ክብር ነበር። ያን ሁሉ ሰው ትተው፣ የሥዕል ቅዱስ የሚመስሉት ሰውዬ እኔን መረጡኝ። ክፍል ውስጥ ስጠየቅ እንደማደርገው ተነሥቼ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቃሉ ምን እንደሚያመጣ እንኳ አላሰብኩም። አፌን ከፈትኩ።

የእናቴ መዳፍ አፌ ላይ አረፈ። ጌሾ ጌሾ ይሸታል። በሌላ እጇ ዳለቻን ያዘችና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እየቆጠረች አራመደችው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ሀገረ ሕይወት አስገባችው።

«ልጄ ይህን ቃል አታውቀውም፣ ጌታዬ» አለች። «ከቤቷ አልተማረችውም።»

ግራዝማች ወንበራቸውን ጨበጡ። ኦቦ ጉርሙ ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። መምህር ውባየሁ ተነሣ። ቆሞ አጨበጨበ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ግራዝማች።

«ደንብ ነው፣ ጌታዬ። አባ ቅጣው ላይ አስይዤ ነበር፤ ተበላሁ። የተበላ ቆሞ ያጨበጭባል።»

ፈይሳ ተነሣ። «እኔም ተበልቻለሁ። ደንብ ነው» አለ። ከበሩ በኩል ሌላው፣ ከመንገዱ ሌላው። ሁሉም በግራዝማች ፈረስ ላይ አስይዘው የለ? ሁሉም ተበልተዋል። እንደዚያ ቀን መበላት ያስደሰተው ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ኦቦ ጉርሙ እንኳ በመጨረሻ እያለቃቀሱ ተነሡ፤ ያ ሰፊ መዳፋቸው የሁሉንም ጭብጨባ ዋጠው።

እናቴ እጇን ከአፌ ላይ አነሣች። «ያሸነፍሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ፎክሪ» አለችኝ።

ሴት ልጅ ትፎክራለች ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መደቡ ላይ ወጣሁ። «ዘራፍ! የቱፋ ልጅ! ልጓም የማይስበው!» አልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ። ቤቱ በእልልታ ሞላ።

ግራዝማች ተነሥተው ወጡ። አሽከራቸው ወንበሩን ተሸክሞ፣ በሩ ላይ ከሰው ጋር እየተጋፋ ተከተላቸው።

እኔ ግን ማንንም አልጠበቅሁም፤ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በረርኩ። ዳለቻ ገብቷላ! የከሰዓቱ አውቶቡስ አቧራውን ይዞ መጣ። ሰዎች ወረዱ፤ ሴቶች ዘንቢል ይዘው፣ አንድ ወታደር፣ አንዲት በግ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ አወረደ። አውቶቡሱ ወደ ጉደር መንገዱን ቀጠለ። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አሸነፈ እኮ» አልኳት።

«አዎ፣ አሸነፈ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

ያን ጊዜ ነገረችኝ። አልሸፋፈነችውም። «አባትሽ ታስሯል። ፈረስ ሰረቀ ብለው ነው፤ አልሰረቀም። ዛሬ ‹ገታሁ› ብዬ ቢሆን ኖሮ ለፋሲካ ይፈታልሽ ነበር። አላልኩም። አሁን መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።»

በቡጢ መታኋት። ደረቷን፣ ትከሻዋን፣ ያገኘሁትን። አልከለከለችኝም፤ ይቅር በይኝም አላለችኝም። ሲደክመኝ አቅፋኝ ወደ ቤት ሄድን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ እናቴ አንድም ጊዜ ዋሽታኝ አታውቅም።

ዋጋውን ከፍለናል። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ከመሬታችን ልቀቁ ተባልን፤ ጣሪያችን ተገፎ ቆርቆሮው መንገድ ላይ ተጣለ። እናቴን ላናግራት አልፈልግም ብለው የነበሩት ኦቦ ጉርሙ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ቆርቆሮውን ሰብስበው፣ ከተማው መውጫ ላይ ከአንዲት መበለት በተገኘች ቁራጭ ቦታ አንዲት ክፍል ቤት ቀለሱልን። እናቴ በማግስቱ ገበታውን አውጥታ በሩ ላይ፣ በፀሐይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ዘረጋችው። ሁለት ጊዜ ፖሊስ መጥቶ አየ። የሚያስርበት ገንዘብ አላገኘም፤ ቆርኪ ብቻ ነው። ከካቺሲ ለገበያ የሚወርዱ ሰዎች ሳይቀሩ፣ «የማይገታው ፈረስ ያለበት ጠላ ቤት የት ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጀግና የሚሏት አሉ። ባሏን በእልህ ያስበላች የሚሏትም አሉ፤ እነዚህኞቹ ከፊቷ አይሉትም እንጂ ለእኔ ይነግሩኝ ነበር። ትልቅ ሴት ሆኜ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «ያን ፈረስ ስታራምጂ ለአባዬ አላዘንሽለትም?»

«እያዘንኩ ነው ያራመድኩት» አለችኝ።

ግራዝማች በኋላ፣ አብዮቱ ሲመጣ ምን እንደ ደረሰባቸው የሚያወሩ ሞልተዋል። እኔ አላወራውም። እናቴ የረታቻቸው ሹመታቸውም መሬታቸውም ሙሉ በነበረበት ቀን ነው።

አባቴ በሚቀጥለው ፋሲካም አልመጣም። የመጣው በሌላው ነው፤ ቅጣቱን ጨርሶ፣ በአውቶቡስ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ። ጸጉሩ ሸብቷል። መዳፉ ድንጋይ ከመፍለጥ ብዛት እንደ ቅርፊት ሻክሮ ነበር። ስንስመው ያስላል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያቺን አንድ ክፍል ሞላት። አባቴ በማያውቀው ቤት በር ላይ እንደ እንግዳ ቆሟል፤ ግባ ሲሉት «ቆዩ» ይላል፣ ዙሪያውን ያያል። ቤቱ ለምን ሌላ እንደ ሆነ ገና ማንም አልነገረውም።

ኦቦ ጉርሙ ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ሆዳቸው ውስጥ አያድርም።

«ቱፋ» አሉ፣ «ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። የዛሬ ሁለት ፋሲካ ልትፈታ ነበር። ጨርሼልህ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው፤ ያውም በልጅ አፍ። ሚስትህ እሺ ብላኝ፣ በመጨረሻው ሰዓት እንቢ አለች። ቤትህም የፈረሰው በዚያው ነው። እንግዲህ ፍረድ።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አላስተባበለችም፤ አንገቷንም አልደፋችም። ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር። ያን ያህል ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ በግራዝማች ፊት እንኳ።

አባቴ ወደ እሷ አላየም። በዚያ በማይታጠፍ እግሩ እንደ ምንም ብሎ ከፊቴ በርከክ አለ።

«ቃሏን ማን እንዲላት ነበር የተባለው?»

«እኔ» አልኩት።

«ምን በይ አሉሽ?»

«‹ገታሁ› በይ።»

«አልሽ?»

«‹ገ› ብዬ ነበር» አልኩት፤ መዋሸት አልቻልኩም። «እማዬ አፌን ያዘችኝ።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲተወው ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቴን አያት፤ ኦቦ ጉርሙንም አያቸው።

«እንግዲያስ ቤቴ ነው የገባሁት» አለና ጫማውን አወለቀ።